«90 ቀን ያለ አደጋ» ብለን ሽልማት አወጣን፣ ሰራተኛው ቁስሉን ደበቀን። ምን ላድርግ?

የምርት ኃላፊ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሰራው እዚሁ ጅማ ቡና መፈልፈያና ማበጠሪያ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። ማሽን ላይ የሚሰሩ ቋሚ ሰራተኞች አሉን፣ ጆንያ የሚጭኑና የሚያወርዱ ወዛደሮች አሉን፣ ከሁሉም የሚበዙት ደግሞ መጥፎውን የቡና ፍሬ ከጥሩው የሚለዩ ለቃሚ ሴቶች ናቸው። የቡናው ወቅት ሲደርስ የሰው ቁጥር እጥፍ ይሆናል፣ ከአዲሶቹ ግማሹ ማሽን አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ነው።

ባለፈው ዓመት ትንንሽ አደጋ በዛብን። አንዱ ከጆንያ ክምር ላይ ወደቀ። አንዷ ዓይኗ ውስጥ ገለባ ገብቶባት ሁለት ቀን ቀረች። እኔም ባለቤቱን ለምኜ ሽልማት አስጀመርኩ። 90 ቀን ያለ አደጋ ለሚያልፍ ቡድን ለእያንዳንዱ አባል 5 ሊትር ዘይትና 1000 ብር። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልን፣ ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን በጠመኔ እንቀይራለን። ደስ ብሎኝ ነበር። 50 አለፍን፣ 60 አለፍን፣ አንድም አደጋ ሪፖርት የለም።

75ኛው ቀን ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ረፍት ላይ ቡና ሲታደል ከማሽን ክፍል ልጆች አንዱ ሲኒውን በግራ እጁ ተቀበለ። ስርዓት ያለው ልጅ ነው፣ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ቀኝ እጁ ላይ ጓንቱን አላወለቀም። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ምንም» አለኝ። አስወለቅኩት። ሌባ ጣቱ በጨርቅ ቁራጭ ተጠቅልሏል፣ ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል፣ እብጠቱ መዳፉ ድረስ ወርዷል፣ መሽተትም ጀምሯል። ለካ ከሶስት ቀን በፊት ማሽኑ ሲታፈን ሳያጠፋ እጁን ሰዶ ቺንጊያው ይዞት ነበር። ማታ ቤቱ በጨው ውሃ አጥቦት በነጋታው ስራ ገባ።

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት። «15 ቀን ነው እኮ የቀረው፣ የ11 ሰው ዘይት በኔ ምክንያት ይቅር?» አለኝ።

ሐኪም ቤት ወስደነው ጣቱ ተርፏል፣ ፈጣሪ ይመስገን። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት 74 ቀናት ምን ምን እንደተደበቀ አላውቅም። ባለቤቱ «ሽልማት ካልኖረ ማን ጓንት ያደርጋል?» ይላል። እኔ ደግሞ ሽልማቱ የሰውን አፍ የዘጋ መስሎኛል። ላቁመው ወይስ በሌላ መንገድ ላስተካክለው? ሰራተኛው ራሱ ስለ ደህንነቱ እንዲናገርና እንዲያገባው ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።

---

ሴፍቲ ላይ ያለሁ

ወንድሜ፣ ልጁ ስለተረፈ እንኳን ደስ ያለህ። አንተ ያየኸውን እኔም ከዓመታት በፊት በሌላ መስሪያ ቤት አይቼዋለሁ፣ ያኔ የተደበቀው የተሰነጠቀ የእጅ አጥንት ነበር።

የሸለማችሁት አደጋ አለመኖሩን ሳይሆን አደጋ አለመነገሩን ነው። ሰሌዳው ላይ የሚቆጠረው ሪፖርት ብቻ ነው። ሪፖርት ካልተደረገ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ቁጥሩ ከጨመረ ዘይቱ ይመጣል። በዚህ ላይ ሽልማቱ የቡድን ነው፣ ስለዚህ የተጎዳው ሰው ከራሱ ጥቅም አልፎ የጓደኞቹን ጉሮሮ የዘጋ ይመስለዋል። በኛ አገር ደግሞ ይሉኝታ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ አንተን ሊያታልል አልፈለገም፣ ለጓደኞቹ አስቦ ነው እጁን ሊያጣ የነበረው።

ይሄ የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ላይ የፈነዳውን ዲፕዎተር ሆራይዘን የሚባለውን የነዳጅ መቆፈሪያ ታስታውሱ ይሆናል። በዚያው ቀን የኩባንያ ኃላፊዎች መቆፈሪያው ላይ ነበሩ። ከመጡበት ምክንያት አንዱ ሰባት ዓመት ከስራ የሚያስቀር አደጋ ሳይደርስ በመቆየቱ ሰራተኛውን ለማመስገን ነበር። ማታ ፈነዳ፣ 11 ሰው ሞተ። ሰው ጣቱን ስላልቆረጠ የጉድጓዱ ግፊት ደህና ነው ማለት አይደለም። አሜሪካኖቹም የስራ ደህንነት መስሪያ ቤታቸው ኦሻ በ2016 ባወጣው ደንብ፣ ጉዳቱን የተናገረን ሰው የሚቀጣ ወይም ሽልማት የሚያስቀር አሰራር ችግር እንዳለበት አስቀምጧል። በ2018 ደግሞ ሽልማት በራሱ ክልክል እንዳልሆነ፣ በተለይ አደጋ ሊያመጣ የሚችል ነገር አይቶ ለሚናገር ሰው የሚሰጥ ከሆነ ጥሩ እንደሆነ አብራርቷል።

የኔ ምክር ሽልማቱን እንዳታቆም፣ ግን እንድታዞረው ነው። የተናገረን ሸልም። ቺንጊያው መከለያ የለውም ያለን፣ ደረጃው ይንቀጠቀጣል ያለን፣ «ትናንት ጆንያ ሊወድቅብኝ ነበር፣ ለጥቂት ተረፍኩ» ያለን። ለጥቂት የተረፈ አደጋ ማለት በነፃ የተሰጠህ ትምህርት ነው፣ ማንም ሳይደማ ታውቀዋለህ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሽልማቱ ይበልጣል። የተነገረህን በፍጥነት አስተካክል። ሰው ሶስት ጊዜ ተናግሮ ምንም ካላየ አራተኛ ጊዜ አይናገርም፣ ዘይት ብትጨምርለትም።

---

የእንጨት ቤት ባለቤት

እኔ የቤት ዕቃ መስሪያ አለኝ፣ ስምንት ልጆች አብረውኝ ይሰራሉ። የጅማ ሰው እንጨት ያውቃል፣ ባለ ሶስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ አገር ነው። ግን መጋዝና መላጊያ ማሽን ጎበዝ ስለሆንክ አይምርህም።

እኔም በሽልማት ጀመርኩ። ወሩን ሙሉ የዓይን መነጽር ያደረገ 500 ብር። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የመኪናዬን ድምፅ ሲሰሙ ሁሉም ያጠልቃሉ። ስወጣ ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉታል። ጠጋ ብዬ አንዱን ስጠይቀው «ጋሼ፣ መነጽሩ ተፋፍቋል፣ መስመሩ አይታየኝም፣ ሳላይ ከምቆርጥ ባላደርገው ይሻላል» አለኝ። መነጽሩን አነሳሁት። እውነቱን ነው፣ ሰጋቱራው አጨልሞታል፣ እኔም አላይበትም። ብሩን ለመነጽር ቀየርኩት፣ በአራት ወር አንዴ አዲስ ይገዛል። አሁን ማንም ሳይሸልማቸው ያደርጉታል።

የሰራልኝ ሽልማት ሌላ ነው። አንድ ተለማማጅ ልጅ ትንንሽ እንጨት መጋዙ ላይ ሲገፋ እጁ ወደ ጥርሱ እየቀረበ አስፈራው። ማንም ሳያዘው ከቁርጥራጭ እንጨት ጫፉ የተነደለ መግፊያ ሰራ፣ እጀታውን በአሸዋ ወረቀት አለሳለሰው። ሳየው ስራ አስቆምኩና ሁሉንም ሰብስቤ እንዲያሳያቸው አደረግኩ። የአንድ ሳምንት ደሞዙን እዚያው በእጁ ሰጠሁት። መግፊያው መጋዙ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ በልጁ ስም ነው የሚጠሩት። ከዚያ ወዲህ ሀሳብ የማያመጣ የለም። ትልልቆቹ ባለሙያዎች ሳይቀሩ «እኔም አንድ ነገር አስቤያለሁ» ይሉኛል። ብሩ ተረስቷል፣ ስሙ ነው የቀረው።

---

ለቃሚ የነበረች

ይቅርታ አድርጉልኝና እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ስለ ማሽን ነው። እኔ ስድስት ዓመት ቡና ለቅሜያለሁ፣ ስለ ሴቶቹ ልናገር።

በመጀመሪያ 90 ቀን ያልከው ለማን ነው? ለቃሚ በወቅት ትመጣለች፣ ቡናው ሲያልቅ ትሄዳለች። ብዙዎቻችን 90 ቀን ሳይሞላን ስራው ያልቃል። ስለዚህ ሰሌዳው ለኛ ጌጥ ነው። ጠዋት አልፈነው ገብተን ማታ አልፈነው እንወጣለን።

ሁለተኛ፣ የሚከፈለን በኪሎ ነው። ዋናው ሽልማት እሱ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል። አቧራ ሲበዛ ወጥቼ አየር ልውሰድ ብል ኪሎዬ ይቀንሳል። ወገቤን ላቅና ብል ኪሎዬ ይቀንሳል። ማስክ ሰጥተውን ነበር፣ ስስ ነው፣ በሙቀት ሲረጥብ አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ አውልቀን በሻሻችን አፍንጫችንን እናስር ነበር። ኃላፊው መጥቶ «ማስክ ያላደረገች ሽልማት የላትም» ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳን ለምን አታደርጉትም ብሎ የጠየቀን የለም።

ሶስተኛ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሁሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። አብዛኞቻችን ደግሞ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ብዙ ናቸው። «ማሽን ሲሰራ አትንኩ» የሚለውን ለስድስት ዓመት አጠገቡ ተቀምጣ ምን እንደሚል ያላወቀች ሴት አውቃለሁ። ወረቀት ከምትለጥፍ ጠዋት አምስት ደቂቃ በኦሮምኛ ተናገር፣ አንተ ካልቻልክ የምትችል አንዷን አስነግር።

እና ሽልማት ስትሰጥ ማን እንደሚመርጥ አስብበት። እኛ ጋ ካቦው ነበር የሚመርጠው፣ ሁሌ የእህቱ ልጅ ታሸንፍ ነበር። ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ማንም ማጨብጨብ ተወ።

ጥሩ ነገር አላየሁም አልልም። አንዲት ካቦ ነበረችን፣ አቧራው ሲነሳ «ኑ፣ ውጡ፣ አስር ደቂቃ» ብላ ሁላችንንም ታስወጣ ነበር፣ የአስሩን ደቂቃ ደግሞ ከቢሮ ተከራክራ አስከፈለችልን። ለሷ ብዬ ማንኛውንም ነገር እናገር ነበር።

---

የምርት ኃላፊ (ጅማ)

እህቴ፣ አመሰግናለሁ። 90 ቀኑን ሳወጣ ለቃሚዎቹን ጭራሽ አላሰብኳቸውም ነበር፣ አሁን ሳነበው ነው ያወቅኩት። ማስኩንም ዛሬ ራሴ አድርጌ ግማሽ ቀን ለቀማ ክፍል ተቀምጬ አያለሁ።

---

ካቦ ነበርኩ

እኔ ትንሽ ልቃወም። «የተናገረን ሸልም» የሚለውን እኛ ሞክረነዋል። ለእያንዳንዱ ሪፖርት የ50 ብር ካርድ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወረቀቱ ሞላ። «ወለሉ ላይ ውሃ አየሁ»፣ ውሃውን ራሱ ያፈሰሰው ሰው ነው የጻፈው። አንድ ብሎን ሶስት ሰው ሪፖርት አደረገው። ባለቤቱ ተናዶ አቆመው። ሰው ችግር ላይ ነው ያለው፣ ብር በቆጠርክበት ቦታ ሁሉ ቁጥር ይመጣልሃል። ስለዚህ በጥንቃቄ።

---

ሴፍቲ ላይ ያለሁ

ካቦ፣ ያልከው እውነት ነው፣ እኔም መናገር ነበረብኝ። ብር በሪፖርት ብዛት አይታሰር። አንድ ሪፖርት አንድ ካርድ ካልክ ሽያጭ ሆነ ማለት ነው። የተሻለው በወር አንዴ ሰራተኞቹ ራሳቸው ከተነገሩት ውስጥ «ይሄ ብዙ ሰው አድኗል» የሚሉትን እጅ አውጥተው እንዲመርጡ ነው። ለሌሎቹ ሁሉ ምስጋና፣ በስማቸው፣ በሰው ፊት። የማይረባ ሪፖርት ቢመጣም አትቆጣ፣ አመስግነህ እለፍ። አንዱን ካሳፈርከው አስሩ ዝም ይላል።

---

ህግ የማነብ

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው መብቱን እንደ ሽልማት ሲቀበል እያየሁ ያናድደኛል።

ጓንት፣ ማስክ፣ ሴፍቲ ጫማ ሽልማት አይደሉም። በአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሰረት የአደጋ መከላከያ መሳሪያና ልብስ ማቅረብ፣ አጠቃቀሙንም ማስረዳት የአሰሪው ግዴታ ነው። «ጎበዝ ለሆነው ጫማ እንሰጣለን» የሚል ቤት አይቻለሁ። ጫማውን ሁሉም ሊያገኘው የሚገባ ነው። በአንቀጽ 93 ደግሞ ሰራተኛውም ግዴታ አለበት፣ የተሰጠውን መጠቀም፣ የመሳሪያ ጉድለት ወይም ጉዳት ሲያይ ወዲያው ማሳወቅ። ስለዚህ የሚናገረው ሰው አስቸጋሪ አይደለም፣ ህጉ ያዘዘውን እያደረገ ነው።

ሁለተኛው ቁስል መደበቅ ለሰራተኛው ምን እንደሚያስከፍለው ነው። በስራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የህክምና ወጪው የአሰሪው ነው። ለጊዜው መስራት ካልቻለም ህጉ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ ያስቀምጣል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ለሚቀጥሉት ሶስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ይሄን ሁሉ ለማግኘት ግን ጉዳቱ ስራ ላይ መድረሱ መታወቅ አለበት። ያ ልጅ ጣቱ ቢቆረጥና «ቤቱ ነው የቆረጠው» ቢባል ማን ይመሰክርለት ነበር? ለ5 ሊትር ዘይት ብሎ የአንድ ዓመት ዋስትናውን ሊጥለው ነበር። ይሄን ለሰራተኞችህ በግልፅ ንገራቸው፣ ብዙዎቹ አያውቁም።

---

የምርት ኃላፊ (ጅማ)

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፣ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰሌዳውን አጠፋሁት። ሰው ፊት ነው ያጠፋሁት። ልጁ እጁ በፋሻ እንደታሰረ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ዘይቱ ለሁላችሁም ይሰጣል፣ 15 ቀኑ ይቅር፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን የተጎዳ ሰው በመናገሩ ማንም ምንም አያጣም» አልኩ። አንዲት የለቀማ እህት እዚያው ወደ ኦሮምኛ መለሰችው። ባለቤቱ ስለ ዘይቱ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ የሐኪም ቤቱን ደረሰኝ ሳሳየው ተወው።

ሰሌዳው አሁን ሁለት ረድፍ ነው። በግራ «ያየነው»፣ በቀኝ «ያስተካከልነው»፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። መጻፍ የማይችል ይነግረናል፣ እኛ እንጽፋለን። መጀመሪያ ሳምንት ባዶ ነበር፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሶስት መጣ። እስከ ትናንት 26 ደርሷል፣ ከነሱ ውስጥ 19ኙን አስተካክለናል።

አንደኛው የቺንጊያው ነው። የተናገረውም ራሱ ልጁ ነው። ለካ መከለያ ነበረው፣ ግን በስምንት ብሎን የታሰረ ስለሆነ ማሽኑ በታፈነ ቁጥር ፈትቶ ማሰር ጊዜ ይበላል፣ አንድ ቀን ፈትተው ጥግ አስቀመጡት፣ እዚያው ቀረ። ለዓመታት አጠገቡ ሳልፍ አላየሁትም። በያጅ አስጠርተን ማጠፊያ አስበየድንለት፣ አሁን በአንድ እጅ ይከፈታል። ማጥፊያውንም ከግድግዳው አንስተን ማሽኑ ጎን አደረግነው። የወሩ ምርጫ ላይ ሰዉ እጁን ያወጣው ለሱ ነበር። ሽልማቱን የሰጠነው ሐሙስ ነው፣ አርብ ብዙ ሰው ለጁምዓ ስለሚወጣ።

ማስኩን ግማሽ ቀን ላደርግ ሞክሬ ነበር፣ አንድ ሰዓትም አልቻልኩም። ወፍራሙንና የተሻለውን ገዛን፣ አቧራው የሚመጣበት መስኮት ላይ ማራገቢያ አስገባን። ለቃሚዎቹ በየሁለት ሰዓቱ አስር ደቂቃ ይወጣሉ፣ ይከፈላቸዋል። ይሄ ከባለቤቱ ጋር በጣም አከራክሮኛል። ለጊዜው እስከ ወቅቱ መጨረሻ ነው የፈቀደው።

ያልተፈታው የወዛደሮቹ ነው። በጆንያ ስለሚከፈላቸው ይሮጣሉ፣ ክምሩንም ከፍ ያደርጉታል፣ ሰውም የወደቀው ከዚያ ላይ ነው። ለጊዜው ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመርን፣ ከሱ በላይ መከመር የለም። ትናንት ማታ መጋዘን ስዘጋ አየሁት፣ ክምሩ ከመስመሩ ሁለት ጆንያ ይበልጣል። ነገ ጠዋት ካቦአቸውን አስቀምጬ ክፍያውን እንዴት ብናደርገው እንደሚሻል ልጠይቀው ነው። በጆንያ ከመክፈል ወደ ቀን ክፍያ የቀየራችሁ ካላችሁ፣ ገቢያቸው ሳይቀንስ እንዴት እንዳስተካከላችሁት ጻፉልኝ።